ከሰሉም ሙጫውም ከአንድ ግራር

ካርቱም ውስጥ ሳጃና የኖረ ሐበሻ ዓይኑን ጨፍኖ ቢሄድ እንኳ ሰፈሩን በጠረኑ ያውቀዋል። በአንድ በኩል የግንባታ ዕቃ ገበያው አለ፤ ጣውላ የሚሰነጥቅ መጋዝ፣ የሚበየድ ብረት፣ የሲሚንቶ ብናኝ። በሌላ በኩል ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና። ስሙ በዐረብኛ የወህኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። ጠባቂዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ በኋላ ከጎረቤቱ ከዴም ጋር ሰፈሩን ከሱዳኖቹ የተካፈሉት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ሰዎች ናቸው።

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት እዚያ ቡና የጠጣ ሰው ትዕይንቱ አይጠፋውም። ባንበር በሚሉት፣ በገመድ በተጠለፈ አጭር መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ቡናው ዝንጅብል ገብቶበታል፤ ከጀበናው ሥር በቆርቆሮ ተሰፍሮ የተገዛ የጠልሃ ከሰል ይፍማል፤ ከሻጯ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሯል። ቡናው የሐበሻ ከሆነ ምናልባት ያደገው ካፋ ወይም ጅማ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከሰሉ ራሱ ዛፍ ነበር። ለስላሳው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የግራር ሙጫ አለበት፤ አውሮፓ ውስጥ ማሸጊያ ላይ በደቃቁ ኢ414 ተብሎ የሚጻፈው ማለት ነው። ጣዕምና ቀለሙ ከውሃው ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ የሚይዘው እሱ ነው። ጠልሃ ሁለቱንም የሚሰጥ ግራር ነው፤ ሲቆስል ሙጫ ያወጣል፣ ሲቆረጥ ከሰል ይሆናል። የካርቱም ሴቶች እንጨቱን የእኛ ሴቶች ወይባ እንደሚሞቁት ይሞቁበታል።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮን ለመከላከል ያወጣው ደንብ ከእነዚህ ከሦስቱ ውስጥ ቡናውን በስም ይጠራል። ከሰልንም ይጠራል፤ የሚነካው ግን ወደ አውሮፓ የሚጫነውን ብቻ ስለሆነ ሳጃና የሚነደው አይመለከተውም። ሙጫውን ጨርሶ አያነሳውም። በአንዲት ባንበር ዙሪያ ያለውን ይህን መዛነፍ ይዤ ነው ሰፊውን ጥያቄ ልዳስስ የተነሳሁት። አውሮፓ መሬትና ዛፍ እንዲጠበቅ ሲፈልግ የራሱን ገበሬ በምን ያግባባል? የእኛንስ? መልሴን ሳልሸሽግ ልናገር፤ የራሱን በገንዘብ፣ የእኛን በወረቀት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ የግብርና ፖሊሲ የተወለደው ከረሃብ ነው። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው ክረምት ሆላንድ በናዚ ጀርመን ወረራ ሥር ሆና ሕዝቧ የቱሊፕ ሥር ቀቅሎ እስከ መብላት ደርሷል። ሲኮ ማንስሆልት የተባለው ሆላንዳዊ፣ ራሱም አራሽ የነበረ ሰው፣ ጦርነቱ እንዳበቃ የአገሩ የግብርና ሚኒስትር፣ በኋላም የአውሮፓ ኮሚሽን የግብርና ኃላፊ ሆነ። በ1962 ሥራ የጀመረው የጋራ የግብርና ፖሊሲ የእሱ አሻራ አለበት። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ገበሬው ያመረተውን ሁሉ መንግሥታቱ በተቆረጠ ጥሩ ዋጋ ይገዙታል፣ ከውጭ የሚመጣውን ቀረጥ ይከለክለዋል። ሠራ፤ ከሚገባው በላይም ሠራ። ወደ 1980ዎቹ ሲደረስ ፈላጊ ያጣ ቅቤ መጋዘን ሞልቶ ስለነበር ጋዜጦች የቅቤ ተራራ፣ የወተት ሐይቅ እያሉ ይቀልዱ ነበር። የተረፈው በድጎማ ረክሶ ወደ ውጭ ይላክና የሌላውን አገር ወተት ሻጭ ገበያ ያሳጣው ነበር። የግብርና ምርትን በድጎማ ወደ ውጭ መላክ እንዲቀር የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት የተስማሙት በ2015 ናይሮቢ ላይ ነው።

በ1992 አየርላንዳዊው ኮሚሽነር ሬይ ማክሻሪ ነገሩን ገለበጠው። ዋጋው ይውረድ፣ ገበሬው በሄክታር ይከፈለው፣ ትልልቆቹ እህል አምራቾች ደግሞ ክፍያውን ለማግኘት ከመሬታቸው 15 በመቶውን ጦም ያሳድሩ ተባለ። እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ይስቃል። ጎጃም ውስጥ መሬቱ ጦም ያደረበት ሰው ወይ በሬው ሞቷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ሰነፍ ተብሎ ይታማል። አውሮፓ ጦም ላሳደረ ከፈለ። ግዴታው በ2008 ቢቀርም ሐሳቡ አልቀረም፤ መልኩን እየለወጠ ተመለሰ እንጂ። በ2003 ክፍያው ከምርት መጠን ተላቅቆ መሬቱን፣ ውሃውንና እንስሳውን በደንብ ከመያዝ ጋር ተያያዘ። በ2013 አረንጓዴ ክፍያ የሚባል ተጨመረ። የኅብረቱ ኦዲተሮች በ2017 ሲመረምሩት ያ አረንጓዴ ክፍያ የአራረስ ልማድ ያስለወጠው ከአውሮፓ የእርሻ መሬት 5 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ድሮም የሚሠራውን እየሠራ ገንዘቡን ተቀብሏል ማለት ነው።

አሁን ያለው ፖሊሲ ከ2023 እስከ 2027 የሚዘልቅ ነው። ከ2021 እስከ 2027 ላለው ጊዜ ለግብርናው የተመደበው ገንዘብ 387 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን ከኅብረቱ በጀት ሲሶውን ይወስዳል። ለገበሬው በቀጥታ ከሚከፈለው ሩቡ ያህል ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ እንዲውል ታስሯል፤ ወንዝ ዳር መድኃኒት የማይረጭበት ሰቅ ለተወ፣ መሬቱን ክረምቱን በሽፋን ሰብል ላለበሰ፣ የአጥር ቁጥቋጦ ላልቆረጠ። ክፍያው በስፋት ስለሚሰላ 80 በመቶው ገንዘብ የሚደርሰው 20 በመቶ ለሚሆኑት ተቀባዮች ነው። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፣ እተወዋለሁ እንጂ። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም፤ መሬት መጠበቅ ሥራ መሆኑ ታውቆ ዋጋ ተቆርጦለታል። የሜዳ ወፎቹ ቁጥር ከ1990 ወዲህ ከሲሶ በላይ መቀነሱ ገንዘቡ ሁሉን እንዳላዳነ ያሳያል። ቢሆንም ማንም አውሮፓዊ ገበሬ ለወፍ ሲባል በነፃ ሥራ አልተባለም።

ሲከፋውም ይሰማል። በ2024 መጀመሪያ ትራክተሮች ብራስልስን፣ ፓሪስን፣ በርሊንን ዘጉ። በፌብሩዋሪ ወር የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን የተባይ ማጥፊያ አጠቃቀምን በግማሽ ለመቀነስ የቀረበውን ረቂቅ ሕግ እንደሚስቡት አስታወቁ። ቀጥሎ 4 በመቶ መሬት ጦም ይደር የሚለው ግዴታም ወደቀ። ጥቂት ወራት፣ ብዙ ትራክተር፣ ሁለት ድል።

ወደ እኛ ስንመለስ ከ2010 አካባቢ ጀምሮ በአማራ ክልልና በሌሎቹም የተለመደ ዘመቻ አለ፤ የተፋሰስ ልማት። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ የቀበሌው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። በቡድን ተከፋፍሎ እርከን ይሠራል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ተራራውን ከከብት ይከልላል። ይህ ሁሉ ለሳምንታት በነፃ ጉልበት ነው። በሴፍቲኔት የታቀፉት ወረዳዎች ላይ፣ ከ2005 ጀምሮ፣ ለሥራው እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከረጂዎቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን የሚሰጠው ሰውየው ችግረኛ ስለሆነ ነው። አፈሩን ስላዳነ የሚከፈለው የለም። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ ችግረኝነቱ ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል።

የዚያ እርከን ተጠቃሚ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ካርቱም የኖረ ሰው ነው። ክረምት ላይ ጥቁር አባይ ቡና መስሎ ይመጣ ነበር። ደለሉ የሮሴረስንና የሴናርን ግድብ ሆድ ይሞላ ነበር፤ እንግሊዞች ለላንክሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ ሊያመርቱበት በ1925 የከፈቱትን የገዚራ እርሻ ቦዮች ይደፍን ነበር፤ በየዓመቱ ይጠረግ ነበር። ካርቱም ግን ደለሉን ንቆ አይጥለውም ነበር። በወንዙ ዳር ያሉት የጡብ ምድጃዎች ቀዩን ጡብ ይጠፈጥፉ የነበሩት ከዚያው አፈር ነው። አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ ካርቱም ውስጥ የቀን ሥራ አግኝቶ ጡብ ሲያቀብል ያባቱን ማሳ እያቀበለ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ቀልድ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ሳስበው ግን ብዙም አያስቅም።

አሁን ቡናው ላይ እንቆይ፤ የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚያ ነው።

በ2023 ሰኔ ወር የጸናው የአውሮፓ ደንብ እንዲህ ይላል። ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ ከብትና እንጨት ወደ አውሮፓ ገበያ የሚገቡት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣታቸው ሲረጋገጥ ነው። ማረጋገጫው ቃል አይደለም። የያንዳንዱ ማሳ መገኛ በጂፒኤስ ይቀርባል፤ ከ4 ሄክታር ለሚያንስ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ለሚበልጠው ዙሪያውን የሚያሳይ ካርታ ይጠየቃል። ጥፋት የተገኘበት የአውሮፓ ኩባንያ የሚጠብቀው ቅጣት ጣሪያ ከዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል።

በወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። እውነት ነው፣ ደን ይመነጠራል፤ የኛም ይመነጠራል። ችግሩ ቡናው እንዴት እንደሚሄድ ሲታይ ነው። የካፋ ወይም የጅማ ገበሬ ማሳው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ቀይ እሸቱን በቅርጫት ለቅሞ ለመንደሩ ሰብሳቢ ይሸጣል፤ ዛሬ አምስት ኪሎ፣ ከነገ ወዲያ ስምንት። የቀረውን ጀንፈል አድርጎ ለልጁ ደብተር መግዣ ያስቀምጠዋል። ሰብሳቢው ለአቅራቢው፣ አቅራቢው ለላኪው ያስተላልፋል። ሀምቡርግ የሚደርሰው ኮንቴነር 19 ቶን ገደማ ሲይዝ የመቶዎች ገበሬ ቡና ተቀላቅሎበታል። በ2008 የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ለረጅም ጊዜ ቡናን የሚያገበያየው በአካባቢና በደረጃ መድቦ ስለነበር የየገበሬው ስም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ሥርዓቱ የተሠራው ጥራትንና ዋጋን እንዲይዝ ነው፤ የማሳ አድራሻ ይጠየቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ቡና ጥላ ወዳድ ነው። ከሰማይ የሚያይ ሳተላይት በዋንዛና በብርብራ ሥር ያለውን ቡና ደን ብሎ ሊያነበው ይችላል። በደንቡ አፈታት ለእርሻ የሚውል የጥላ ዛፍ ደን አይባልም፤ ካርታው ግን አፈታት አያነብም። ያረጀ ቡናውን እንዲያፈራለት የጎነደለ ገበሬ፣ የግብርና ባለሙያው ራሱ ጉንደላ አድርግ ብሎት፣ ካርታው ላይ ደን እንደመነጠረ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገባቸው ካፋና ያዩ የቆዩት እኮ ቡናው በደኑ ውስጥ ስለሚኖር ነው፤ ዛፉን የሚያቆመው ከሥሩ ያለው ቡና ዋጋ ስላለው ነው። ገዢው ሸሽቶ ዋጋው ቢወድቅ ቡናው ተነቅሎ የሚተከለው ጫት ወይም በቆሎ ነው፤ ያኔ ደንብ የለበትም።

መሸሹ ደግሞ ግምት ብቻ አይደለም። በ2023 መጨረሻ ሮይተርስ አንዳንድ የአውሮፓ ገዢዎች ከኢትዮጵያ አነስተኛ ገበሬዎች የሚገዙትን መቀነስ መጀመራቸውን ዘግቧል። ለገዢው ቀላሉ ዘዴ ማሳ ከማስለካት ይልቅ ካርታው የተዘጋጀለትን የብራዚል ትልቅ እርሻ መምረጥ ነው። ከቡናችን ሲሶ ገደማ የሚሄደው ወደ አውሮፓ ነው፤ ጀርመን ከዋነኞቹ ደንበኞች አንዷ ናት። በ2024/25 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስላገኘች ነገሩ የላኪ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የነዳጅና የመድኃኒት ጉዳይ ነው።

ደንቡ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሊሠራ ታስቦ ነበር። አንድ ዓመት ተራዘመ። በ2025 መጨረሻ እንደገና ተራዝሞ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ደግሞ የ2027 አጋማሽ ተባለ። ሁለተኛው መራዘም ሲመጣ ኮሚሽኑ ያቀረበው ምክንያት የኮምፒውተር ሥርዓቱ ጫናውን አይችልም የሚል ነበር። ለካፋ ገበሬ በስልክ ካርታ አምጣ ያለ መሥሪያ ቤት የራሱ ኮምፒውተር ሲጨናነቅበት ለራሱ ጊዜ ጠየቀ። ይህን ስሰማ ከት ብዬ መሳቄን አልደብቅም።

ደንቡ ክፉ ነው አልልም። የማልቀበለው ወጪው የወደቀበትን ትከሻ ነው። ለማሳው ልኬት የሚከፍለው ላኪው ወይም ማኅበሩ ነው፤ ላኪው ደግሞ ከእሸት ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። የባቫሪያ ገበሬ የአጥር ቁጥቋጦ ስላልቆረጠ ሲከፈለው የካፋ ገበሬ ዛፍ ስላልቆረጠ ማስረጃ በራሱ ወጪ ያቀርባል። ያውም ሁለተኛው ያልቆረጠው ከመጀመሪያው የበለጠ ደን ነው።

በእኛ በኩል ያለውን ስንፍናም መሸፈን አይገባም። አማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ሚሊዮኖች ማሳዎች ከነካርታቸው ተለክተዋል። አውሮፓ የሚጠይቀው ነጥብ ብዙው በወረዳው መሬት አስተዳደር ቢሮ መዝገብ ውስጥ አለ ማለት ነው። ነገር ግን የመሬቱ መሥሪያ ቤትና የቡናው መሥሪያ ቤት መዝገባቸውን ሲያገናኙ አላየሁም፤ ለአንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ሜትር ይጎተታል። አንድ ገበሬ ደብተሩን አውጥቶ ለለኪው ቢያሳየው እሱ ሌላ ነው ይሉታል።

ሙጫው የተለየ ታሪክ አለው፤ ምናልባትም የበለጠ የሚያስተምር።

ከዓለም ጥሬ የግራር ሙጫ ከሦስት እጅ ሁለቱን የሚበልጠው ከሱዳን ይወጣል። ምርጡ ሀሻብ ከሚባለው የኮርዶፋን ግራር የሚገኘው ነው፤ ገበያው ኤል ኦቤይድ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ ገበሬው ሱንኪ በሚባል ረጅም እጀታ ባለው ስለት ልጡን ያነሳለታል። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ከቁስሉ ላይ ቢጫ እንባ ይንጠለጠላል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ እየዞረ ይለቅማል። በድሮው ልማድ ሀሻቡ ሲያረጅ ተቆርጦ መሬቱ ለአራት አምስት ዓመት ማሽላና ሰሊጥ ይዘራበታል፤ አፈሩ ሲደክም ግራሩ ይመለስበትና ከአሥር ዓመት በላይ ሙጫ እየሰጠ ያሳርፈዋል። ማክሻሪ በ1992 ጦም ማሳደርን ሕግ ከማድረጉ በፊት የኮርዶፋን ሰው እያሳደረ፣ ከጦሙም ገንዘብ እያወጣ ኖሯል። ዛፉ የሰሃራን አሸዋ ይይዛል፤ የአፍሪካ ኅብረት በ2007 የተነሳበት ታላቁ አረንጓዴ ግንብም የሚያልፈው በዚሁ ቀበቶ ላይ ነው።

ይህን ያቆመው ዋጋ ብቻ ነበር። በ1969 አንድ ኩባንያ ሙጫውን ወደ ውጭ የመላክ ብቸኛ መብት ተሰጠው። በዚያ ሥርዓት ገበሬው ከወደብ ዋጋ የሚደርሰው ትንሽ ነበር። ሰማንያዎቹ ላይ ድርቅ ሲደርብበት ብዙ ሀሻብ ወደቀ፤ ከሰሉ የት እንደሄደ ጥያቄ የለውም፤ ጀበናው ሥር ነው። ብቸኛ መብቱ የቀረው በ2009 ነው። የሚገርመው ዓለም ሙጫው እንዲቀርበት ፈጽሞ አይፈልግም። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ለሙጫው መግቢያ ቀዳዳ ተተወ። በ2007 የሱዳን አምባሳደር ዋሽንግተን ላይ ጋዜጠኞች ፊት የለስላሳ ጠርሙስ ይዘው ሙጫውን እናቆመዋለን ብለው አስፈራርተዋል። ዋነኛ ገዢና አጣሪዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ያሉ ኩባንያዎች ናቸው።

ጦርነቱ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ሲጀመር የሙጫው መንገድም ተቆረጠ። ኮርዶፋንና ዳርፉር ውስጥ ከሱዳን ሠራዊት ጋር የሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በያዛቸው ቦታዎች ጭነት ኬላ ላይ ይቀረጣል፤ ሙጫው በቻድ፣ በግብፅ፣ በደቡብ ሱዳን በኩል ያለ ማስረጃ ወጥቶ የሌላ አገር ምርት ሆኖ ይሸጣል። አውሮፓ ለቡናችን የማሳ ነጥብ ሲጠይቅ ለዚህ ለጦርነት ቀረጥ ለተከፈለበት ሙጫ ግን ተመሳሳይ ጥያቄ የለውም። ይህን የማነሳው ሙጫውም ይከልከል ለማለት አይደለም፤ ቢከለከል የሚቆረጠው ዛፉ ነው። የደንቡ ዓይን የሚከተለው መርከቡን እንጂ ዛፉን አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

ዋጋ ብቻውን ዛፍ እንደሚያበቅል ማየት የሚፈልግ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ይሂድ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ያላቸው ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባል የአውስትራሊያ ግራር ተከሉ። መጀመሪያው ዓመት ላይ ከችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራሉ፤ በአራት አምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ መሬቱ ላይ እንደገና ይተክላሉ። ማንም በሄክታር አልከፈላቸውም፣ ማንም ካርታ አልጠየቃቸውም፤ የከሰል ገበያ ብቻ። የወረዳው የዛፍ ሽፋን በሳተላይት ምስል ላይ በግልጽ እስኪታይ ጨመረ። ከ2020 ገደማ ወዲህ ግን የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙውን አደረቀው። ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ ስለነበረ ለበሽታው ተመቸው። ያ ገቢ ሲዘጋ የሚይዙት ሌላ አልነበራቸውም፤ የአውሮፓ ገበሬ እንዲህ ያለ መዓት ሲደርስበት የሚያነሳው ስልክ አለው።

የተባይ መድኃኒቱን ሳልጠቅስ ብቀር ዳሰሳው ጎዶሎ ይሆናል። ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊስ ድርጅትና የግሪንፒስ የምርመራ ጋዜጠኞች በ2020 ሰነድ አሰባስበው እንዳሳዩት፣ የአውሮፓ አገሮች በራሳቸው ማሳ ላይ የከለከሉትን ከ81 ሺህ ቶን በላይ ተባይ ማጥፊያ በ2018 ወደ ውጭ እንዲላክ ፈቅደዋል። ሰሊጡ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የኢትዮጵያም የሱዳንም ሰሊጥ በሳልሞኔላ ምክንያት አውሮፓ ድንበር ላይ ተጨማሪ ምርመራ ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ገብቷል። መተማ ወርዶ፣ ሲያሻውም ወደ ገዳሪፍ ተሻግሮ ሰሊጥ የሚያጭደው ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ ነዶውን የሚያራግፈው መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ነው፤ የሚታጠብበት ውሃ የለው፣ የሚጸዳዳበት ቦታ የለው። ባክቴሪያውን ላብራቶሪ አገኘው። ለሠራተኛው መጸዳጃ መቆፈር ከላብራቶሪው ክፍያ ይረክስ ነበር።

እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የቡና ላኪዎቻችንና የመንግሥት ሰዎች ብራስልስ ሲሄዱ አጀንዳቸው መራዘም ብቻ መሆኑ ያናድደኛል። መራዘም ልመና ነው፤ መጠየቅ ያለበት ክፍያ ነው። ደኑን ጠብቃችሁ ቡና አምርቱ ካላችሁ፣ ለራሳችሁ ገበሬ በሄክታር በአማካይ ከ200 ዩሮ በላይ እንደምትሰጡት፣ ለዚህኛውም የማሳ ልኬቱን ወጪና የጥላውን ዛፍ ዋጋ ከፋፍለን እንቁረጥለት ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ የመሬቱና የቡናው መዝገቦች ይገናኙ። ለዚህ የብራስልስ ፈቃድ አያስፈልግም።

ሳጃና ዛሬ ያኔ እንደነበረው አይደለም። ጦርነቱ ሲጀመር ብዙው ሐበሻ በገዳሪፍና በጋላባት አድርጎ መተማ ገባ። ጀበናውን ጥሎ የወጣም፣ ይዞ የወጣም አለ። የሱዳን ሠራዊት ካርቱምን መልሶ የያዘው በ2025 መጋቢት ነው። መብራትና ጋዝ በጠፋበት ከተማ የቀሩት ሰዎች ያገኙትን ዛፍ ለማገዶ ቆረጡ፤ ሌሎችም ለከሰል ንግድ ቆረጡ። ከሳጃና ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ነጭ አባይ ከጥቁር አባይ ሊገናኝ ሲል፣ አስ ሱኑት የሚባል የግራር ደን ነበር። ከ1939 ጀምሮ ጥብቅ ቦታ ነበር። አውሮፓ በ1979 ባወጣው የወፎች ሕግ ከሚጠብቃቸው ተጓዥ ወፎች አንዳንዶቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ደኑ ተጨፍጭፎ አሁን አብዛኛው ጉቶ ነው።